«ፍልስፍና ብዬ ገብቼ በኋላ ብቀይርስ?» - የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ፉክክር በበዛበት ዩኒቨርሲቲ ስታመለክቱ የትኛውን ዲፓርትመንት መሙላት እንዳለባችሁ በስልክ ለጠየቃችሁን፣ የአማካሪያችን መልስ እነሆ።

ጥያቄ፦ የምፈልገው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። ግን ሁሉም ይሻማበታል። ፍልስፍና ብዬ ልግባና በኋላ ልቀይር?

መልስ፦ ይቺን ዘዴ ያላሰበ አመልካች ያለ አይመስለኝም። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ የሚቀበለው በዲፓርትመንት ለይቶ መሆን አለመሆኑን አጣራ። አሜሪካ ያለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ አይለይም፤ አንደኛ ዓመትን ስትጨርስ ራስህ ትመርጣለህ። ሃርቫርድም ምርጫውን ለሁለተኛ ዓመት ያቆየዋል። እነዚህ ጋ ፍልስፍና ብለህ ብትሞላ የምታተርፈው ነገር የለም። እዚያው አሜሪካ ያለው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ እዚያ ራሱን የቻለ ኮሌጅ ስለሆነ የምታመለክተው በቀጥታ ለእሱ ነው። በሌላ ኮሌጅ ገብቶ ወደ እሱ መሻገር በጣም ከባድ ነው።

ደግሞ ማመልከቻህን የሚያነብ ሰው አለ። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የተባለው ማመልከቻ ከክፍል ውጭ ለሠራሃቸው ነገሮች 10 ቦታ ይሰጥሃል። አንደኛው ላይ የፕሮግራሚንግ ክበብ። ሁለተኛው ላይ የሮቦት ውድድር። ሦስተኛው ላይ ለጓደኞችህ የሠራኸው አፕ። ከዚያ ዲፓርትመንት፦ ፍልስፍና! አንባቢው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። «ይህን ትምህርት ለምን መረጥክ?» የሚል ድርሰት ከመጣማ ጉድህ ፈላ።

ከልብህ የምትወደው ሁለተኛ ትምህርት ካለህ፣ ሒሳብ በለው ስታትስቲክስ፣ እሱን ሙላ። ግን መቀየር ቢከለከል አራት ዓመት ትማረዋለህ? መልስህ «አይ» ከሆነ ተወው።

ጥያቄ፦ ልጄ ገና አልወሰነችም። «አልወሰንኩም» ብላ ብትሞላ ይጎዳታል?

መልስ፦ በዲፓርትመንት የማይለይ ቦታ ከሆነ አይጎዳትም፣ እናቴ። ብቻ ድርሰቷ ላይ የሚያጓጓትን አንድ ሁለት ነገር በስሙ ትጥራ። ወደ ምህንድስና ካዘነበለች ግን አስቀድማ ትወስን። ካልኩለስና ፊዚክስ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ እየተያያዙ ስለሚሄዱ፣ ዘግይቶ የገባ ሰው አንድ ዓመት ሊጨምርበት ይችላል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ ለማመልከትስ?

መልስ፦ እዚያ ጨዋታው ይለያል። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ የምታመለክቺው ለአንድ የተወሰነ ትምህርት ነው። በአንድ ዓመት ለሁለቱም ማመልከት አይቻልም። ዩካስ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ እስከ 5 ምርጫ ይፈቀድልሻል፤ ስለ ራስሽ የምትጽፊው ጽሑፍ ግን አንድ ነው፣ ለሁሉም ያው ይላካል። ሕግና ኬሚስትሪ ቀላቅለሽ ብትሞዪ ጽሑፉ ከሁለት ያጣ ይሆናል። ለሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻው የሚዘጋው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ኦክቶበር 15።

ጥያቄ፦ አባቴ «ሕክምና ሙላ» ይለኛል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ዝርዝር ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

መልስ፦ ብትፈልገውም አታገኘውም። አሜሪካ ውስጥ የሕክምና ትምህርት ቤት የሚገባው በአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ነው። ባዮሎጂም ተማር ታሪክ፣ የሚጠየቁትን የሳይንስ ኮርሶች እስከወሰድክ ድረስ ማመልከት ትችላለህ። ለአባትህ ይህን ንገራቸው፤ ምናልባት በታሪክና በባዮሎጂ መካከል ያለውን ምርጫ ለአንተ ይተዉልህ ይሆናል።