ሟቹ ምን ሥራ ይሠራ ነበር?

(አዘዞ፣ ጎንደር፤ በዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበሩ የዕድራችን ዳኛ፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ስለ መዋጮ ጭማሪ አላወራም፤ ተንፍሱ። የማወራው ስለ መዝገባችን ነው።

ጸሐፊ ሆኜ ይህን መዝገብ ስይዝ የሚሰፍርበት የሟች ስም፣ ዕድሜው፣ ቀኑና ለቤተሰቡ የተከፈለው ብር ነው። ባለፈው ክረምት ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበብኩት። አዛውንቱን ተውኩና ከ15 እስከ 60 ዓመት ያሉትን ብቻ ለየሁ። የጎልማሳ ሞት የሚለኩ ባለሙያዎችም ይህንኑ ዕድሜ ነው የሚይዙት። ከዚያ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሥራውን በእርሳስ ጻፍኩ። የሰፈራችን ልጆች ናቸው፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ።

ቁጥር አልጠራም። ቤተሰቦቻቸው እዚሁ ተቀምጠዋል። ግን እርሳሴ ተሸካሚ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ጠላ ሻጭ፣ ዘበኛ፣ ለሰሊጥ የወረደ እያለ ሲደጋግም አመሸ። የቢሮ ሰውና ነጋዴም መዝገቡ ላይ አለ፤ አብዛኛው ግን ሸብቶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ ነው የሄደው።

ለቅሶ ቤት ስንገባ «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። መጽናኛ ነው፤ እኔም እላለሁ። ግን ቀን የሰው ኪስ እያየ ይደርሳል እንዴ?

እስቲ የሰሊጡን ላጫውታችሁ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በጤና ረዳትነት መተማ በኩል ቆላ ሠርቻለሁ። በአንድ ኩንታል ሰሊጥ ውስጥ ብዙ ሰው አለ። ባለ እርሻው አለ፣ ደላላው አለ፣ ሹፌሩ አለ፣ ከደጋ ወርዶ ያረመውና ያጨደው ልጅ አለ። ሰሊጡ አንድ ነው፤ አዳሩ ግን ለየቅል ነው። ባለ እርሻው ከተማ ገብቶ አልጋ ላይ ያድራል። ልጁ ዋልካው ላይ፣ ግራር ሥር፣ ያለ አጎበር ይተኛል። ካላ አዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው ትንሿ የአሸዋ ዝንብ ደግሞ የምትናከሰው ሌሊት ነው፤ የተሰነጠቀ ዋልካና የግራር ሥር ይመቻታል። ልጁን ትኩሳት ይይዘዋል። ወባ መስሎት የወባ ክኒን ይውጣል። ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሆዱ ይነፋል። በደንብ ያልበላ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ይህ በሽታ ካልታከመ ከ100 ታማሚ ከ95 በላዩን ይገድላል።

መድኃኒት አለው። እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ራሱን የቻለ የካላ አዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለ። ሕክምናው በየቀኑ መርፌ ነው፤ ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ ሲሰጥ 17 ቀን ይፈጃል። መድኃኒቱ በነፃ ቢሰጥ እንኳ የ17 ቀኑን ሥራ ማን ይከፍለዋል? ስለዚህ ልጁ ይቆያል። አንዱን አልረሳውም። ግንባሩ እጄን እያቃጠለኝ «ጋሼ፣ ሰሊጡ ሳይረግፍ ልጨርስና እመጣለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ ይረግፋል፣ ሰው አይጠብቅም። ልጁም አልመጣም።

«ይሄማ ቆላ ነው፣ ዝንብ ነው» የምትሉ ካላችሁ ለንደን ደርሰን እንምጣ። ብዙ አንቆይም፣ ብርድ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1967 ዋይትሆል በሚባለው የመንግሥት ቢሮዎች ሰፈር 18,000 ያህል ወንድ ሠራተኞችን ዓመት ከዓመት መከታተል ተጀመረ። ሁሉም ደሞዝተኛ ናቸው፣ ሁሉም በመንግሥት ወጪ ይታከማሉ፣ የሚራብ የለም። ግን ከ40 እስከ 64 ዓመት ካሉት መካከል በታችኛው እርከን ያሉት፣ ተላላኪና በር ጠባቂ የመሳሰሉት፣ ከላይኞቹ አለቆች 3 እጥፍ ያህል ይሞቱ ነበር። ሲጋራና የደም ግፊት ከፊሉን ብቻ ነው ያስረዱት። ኋላ የተካሄደው ሁለተኛው ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ። በገዛ ሥራው ላይ ማዘዝ የማይችል ሰው ልቡም ቶሎ ይታመማል። ዘበኛ የነበረ ሰው ይህን ያለ ጥናትም ያውቀዋል።

እኛም ያየነው አለ። ኤች አይ ቪ ሲመጣ ሀብታምና ድሃ ብዙም አልለየም። ሹፌሩንም፣ ነጋዴውንም፣ የተማረውንም ወሰደ። የለየው መድኃኒቱ ነው። በ1995 በክፍያ መሰጠት ሲጀምር መግዛት የቻለ ነፍሱን አተረፈ፤ ያልቻለውን ቀበርነው። በ1997 በነፃ ሆነ። ከዚያ በፊት ድንኳናችን ከአንዱ ግቢ ተነቅሎ ሳያድር ሌላው ግቢ ይተከል እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ማረፍ ጀመረ። ዋጋው ሲወርድ ቀኑ ራቀ ማለት ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ዳባት ላይ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ልደትና ሞት ይመዘግባል። ሰው ሲሞት ቤተሰቡን ምን ብሎ ታመመ፣ የት ታከመ ብለው ይጠይቃሉ። እኛ ለዚህ መዞር እንኳ አያስፈልገንም፤ ጡሩምባው እኛው ዘንድ ነው። መዝገባችን ላይ ሁለት ዓምድ እንጨምር፤ ሥራው ምን ነበር፣ ምን አሞት ነበር። አንድ እስክሪብቶ ነው የሚፈጀው።

ሁለተኛው ገንዘብ ይፈልጋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ ብዙዎቻችን ካርዱን ይዘናል። ካርዱ ሐኪም ዘንድ ያስገባል። የቀረውን የቀን ሥራ ግን አይከፍልም። ልጁ የቀረብን እዚያች ላይ ነው። እኛ ደግሞ ሁለት ድንኳን አለን፣ ሦስተኛ ልንገዛ ገንዘብ አጠራቅመናል። ሦስተኛው ይቆየን ባይ ነኝ። ገንዘቡ ሐኪም «ተኛ» ላለው የቀን ሠራተኛ አባል የቤት ወጪ ይሁን።

አጭበርባሪ ይመጣል ትላላችሁ። ይመጣል። የማያጭበረብረን የሞተ ሰው ብቻ ነው፤ ለዚያ ይሆናል እስካሁን ለእሱ ብቻ የምንከፍለው። የሐኪም ወረቀት እንጠይቃለን፣ ሁለት ሰው ሄዶ ያያል፣ በቃ። ለቀብር ስንሄድ 200 ሰው ነው የምንወጣው፤ ለመጠየቅ ሁለት አናጣም።

የተከበሩ ዳኛ፣ የሦስተኛው ድንኳን ብር ለታመመ አባል ይዋል የሚል እጁን ያውጣና ይቁጠሩልኝ። እኔ እርሳሴን ይዣለሁ።