ዕርዳታው ሲያልቅ ምን ይቀራል? የበጎ አድራጎት አጋርነትና የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች

(ምስል፦ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የተተከለ የሳተላይት ሳህን)

ጊዜው 2003 ነው እንበል። በዚህ ቪዲዮ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ብለን ካልለየናቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአንድ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠች የድኅረ ምረቃ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፏ የሚያስፈልጋትን አንድ የምርምር ሥራ ከኢንተርኔት ለማውረድ ትሞክራለች። ዩኒቨርሲቲው በሳተላይት የሚያገኘው መስመር በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት ብቻ የሚያስተላልፍ ቢሆንና ይህም በአንድ ጊዜ ለ500 ኮምፒውተሮች ቢከፋፈል፣ ለእርሷ የሚደርሳት በሰከንድ 2 ኪሎ ቢት ነው። የምትፈልገው ጽሑፍ 2 ሜጋ ባይት፣ ማለትም 16,000 ኪሎ ቢት ከሆነ፣ እስኪወርድላት 8,000 ሰከንድ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ትጠብቃለች፤ ያውም በመካከሉ መብራት ካልጠፋና መስመሩ ካልተቋረጠ ነው።

ስሌቱ ለማሳያ የቀረበ ቢሆንም ከእውነታው የራቀ አይደለም። በዚያው ዘመን በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ላይ የተደረገ የዳሰሳ ጥናት እንዳመለከተው፣ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የኢንተርኔት አቅም በአማካይ ሲታይ አንድ አውሮፓዊ ቤተሰብ በመኖሪያ ቤቱ ከሚያገኘው ጋር የተስተካከለ ነበር፤ ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ግን በሌላው ዓለም ያሉ የትምህርት ተቋማት ከሚከፍሉት 50 እጥፍ ያህል ይደርስ ነበር። እጅግ አነስተኛ በጀት ያለው ተቋም እጅግ ውዱን ዋጋ ይከፍል ነበር ማለት ነው።

ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ የመጣው ከመንግሥታት ወይም ከዓለም ባንክ ሳይሆን ከጥቂት የግል ፋውንዴሽኖች ስብስብ ነው። የዛሬው ማብራሪያችንም እነዚህ ስብስቦች እንዴት እንደሚሠሩ፣ የት እንደሚሳካላቸውና ገንዘባቸው ሲያልቅ ምን ጥለው እንደሚሄዱ ይመለከታል።

(በስክሪኑ ላይ፦ 2000 – 2010)

በ2000 አራት ትልልቅ የአሜሪካ ፋውንዴሽኖች፣ ካርኔጊ ኮርፖሬሽን፣ ፎርድ፣ ማክአርተርና ሮክፌለር፣ ለአፍሪካ ከፍተኛ ትምህርት በጋራ የሚሠራ አጋርነት መሠረቱ። ቆየት ብለው ሂውሌት፣ ሜለንና ክሬስጊ የተባሉት ፋውንዴሽኖች ተቀላቀሏቸው። አጋርነቱ በ2010 እስኪዘጋ ድረስ ሰባቱ በአንድነት 440 ሚሊዮን ዶላር ያህል በዘጠኝ አገሮች ላይ አፍስሰዋል፤ እነርሱም ጋና፣ ናይጄሪያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሞዛምቢክ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ግብፅና ማዳጋስካር ናቸው።

የጊዜውን ስሜት ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1960ዎቹ፣ አዲስ ነፃ የወጡት አገሮች የየራሳቸውን ዩኒቨርሲቲ ሲገነቡ፣ ፋውንዴሽኖቹ ከጎናቸው ነበሩ። ሮክፌለር በናይጄሪያው ኢባዳንና በምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ፎርድ ፋውንዴሽን ደግሞ በ1963 የተከፈተውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ደግፏል። በ1980ዎቹ ግን ነፋሱ ተለወጠ። የዓለም ባንክ ባለሙያዎች አንድ ዶላር ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቢውል ለዩኒቨርሲቲ ከሚውለው የበለጠ ጥቅም ይሰጣል የሚል ስሌት ይዘው ቀረቡ፤ በዕዳ የተያዙት መንግሥታትም የዩኒቨርሲቲዎቻቸውን በጀት ቀነሱ። የመምህራን ደመወዝ ተሸረሸረ፣ የተማሪው ቁጥር ግን ማደጉን አላቆመም። ባንኩ ከዩኔስኮ ጋር ባቋቋመው ግብረ ኃይል በኩል፣ ያለ ዩኒቨርሲቲ ልማት እንደማይኖር በይፋ የተቀበለው በ2000 ነበር። የፋውንዴሽኖቹ አጋርነት የተመሠረተውም በዚያው ዓመት ነው፤ ለእኔ ይህ መገጣጠም የአስተሳሰብ ለውጡ ምን ያህል የበሰለ እንደነበር ያሳያል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ምንጭ እንምጣ። ፋውንዴሽን ማለት በየዓመቱ ከሕዝብ መዋጮ የሚሰበስብ ማኅበር አይደለም። አንድ ባለሀብት ወይም አንድ ኩባንያ ለዘለቄታው ያስቀመጠው ትልቅ ሀብት አለው፤ ሀብቱ በአክሲዮንና በሌሎች ኢንቨስትመንቶች ይሠራበታል፤ ለዕርዳታ የሚውለው ከዚያ የሚገኘው ትርፍ ነው። የአሜሪካ ሕግ የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ ከሀብታቸው 5 በመቶ ያህሉን ለዓላማቸው እንዲያወጡ ያስገድዳል። ስለዚህ እነዚህ ተቋማት መራጭ የለባቸውም፣ ባለ አክሲዮን አይቆጣቸውም፣ የአሥር ዓመት ሥራም ያለ ችኮላ ሊይዙ ይችላሉ። ብርታታቸው ይኸው ነው፤ ድክመታቸውም ከዚሁ ይመነጫል፤ ምክንያቱም የትኛውን አገር፣ የትኛውን ዩኒቨርሲቲ፣ የትኛውን የትምህርት ዘርፍ እንደሚመርጡ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው።

ምርጫው አንዳንዴ ከመቶ ዓመት በፊት በተጻፈ መተዳደሪያ ሊታሰር እንደሚችል የካርኔጊ ኮርፖሬሽን ታሪክ ያሳያል። በ1911 የተመሠረተው ይህ ተቋም ከአሜሪካ ውጭ ሊያወጣ የሚችለው የገንዘቡን 7.4 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በዋናነት የእንግሊዝ ኮመንዌልዝ አባል ለሆኑ ወይም ለነበሩ አገሮች የተመደበ ነው። ከላይ በዘረዘርናቸው ዘጠኝ አገሮች ውስጥ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ እንዲበዙ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ እንዳትኖር፣ ምክንያቱ እርሱ ብቻ ባይሆንም፣ እንዲህ ያለው ድንጋጌ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ቅኝ ያልተገዛች አገር በቅኝ ግዛት ካርታ ላይ ተመሥርቶ በሚከፋፈል ዕርዳታ ውስጥ ቦታ ማጣቷ የሚያስቆጭ ነው።

(ምስል፦ ብዙ ቀጫጭን መስመሮች ወደ አንድ ወፍራም መስመር ሲገቡ)

ወደ ሳተላይቱ ሳህን እንመለስ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ውድ ዋጋ የሚከፍሉት ሻጩ ስለጨከነባቸው ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በተናጠል፣ በአነስተኛ መጠን፣ ብዙ ጊዜም በደላላ በኩል ይገዛ ስለነበር፣ በሳተላይት ኩባንያው ዓይን እንደ ችርቻሮ ደንበኛ ነበር የሚታየው። በ2000ዎቹ አጋማሽ በፋውንዴሽኖቹ ድጋፍ በተለያዩ አገሮች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የግዥ ኅብረት አቋቁመው ፍላጎታቸውን በአንድ ውል አቀረቡ፤ እንደ ጅምላ ገዥ ሲቀርቡም ዋጋው በከፍተኛ ደረጃ ወረደላቸው፣ የሚያገኙት የመስመር ስፋትም በብዙ እጥፍ አደገ።

ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሥራ ባልተሠራ ነበር፤ ፋውንዴሽኖቹ ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የኢንተርኔት ክፍያ ቼክ እየጻፉ መቀጠል ይችሉ ነበርና። እነርሱ የከፈሉት ግን ለመደራጀቱ ነው፤ ይኸውም ለድርድሩ፣ ለውሉ ዝግጅት፣ መስመሩን በየግቢው የሚያስተዳድሩ ቴክኒሻኖችን ለማሠልጠን ነው። በሐምሌ 2009 የመጀመሪያው የምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ውስጥ ገመድ ሥራ ሲጀምር የሳተላይቱ ዘመን ማብቃት ጀመረ። ሳህኖቹ ከጣሪያ ላይ ቢወርዱም በጋራ መግዛትን የለመዱት ተቋማት ልምዱን ወደ ገመዱ ይዘውት ሄዱ፤ እንደ ኬንያው ኬኔትና እንደ ኡቡንቱኔት ያሉ የዩኒቨርሲቲዎች የመረጃ መረቦችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

አንድ ነገር ግን ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ሰባቱ ፋውንዴሽኖች አጋር ይባሉ እንጂ የገንዘባቸውን አብዛኛውን ክፍል የሰጡት እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቦርድ ውሳኔ ነው፤ ከአንድ ቋት የወጣው አነስተኛው ነበር። በመሆኑም አንድ ዩኒቨርሲቲ ከሦስት ፋውንዴሽኖች ሦስት ድጋፍ ቢያገኝ፣ ሦስት ዓይነት ሪፖርት መጻፍ፣ ሦስት ዓይነት የሒሳብ ዘመን መከተል ግድ ይሆንበታል። በዩኒቨርሲቲ የፕሮጀክት ቢሮ የሠራ ሰው የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲደርስ ቢሮው ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ምርምሩን ትቶ ደረሰኝ የሚያመሳክር ተመራማሪ ማየት የተለመደ ነው።

(በስክሪኑ ላይ፦ ማን ያስተምራል? የት ይማራል?)

ከኢንተርኔትም ከሕንፃም በላይ የሚከብደው ጉዳይ መምህር ነው። ለብዙ ዓመታት የተለመደው መንገድ ጎበዙን ተማሪ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ መላክ ነበር፤ ከተላኩትም ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። ማንንም አልወቅስም፤ በሙያው ሊሠራበት የሚችል ቤተ ሙከራ ያገኘ ሰው መሣሪያ ወደሌለበት ክፍል መመለስ ይከብደዋል። ፋውንዴሽኖቹ ቀስ በቀስ የተማሩት ነገር ቢኖር ሥልጠናውን ራሱን ወደ አፍሪካ ማምጣት እንደሚሻል ነው።

በ1988 ናይሮቢ ላይ የተቋቋመው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ምርምር ኅብረት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የብዙ ዩኒቨርሲቲዎችን የማስተርስ ተማሪዎች በየዓመቱ ናይሮቢ ያሰባስባል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ለጥቂት ተማሪዎች ሊከፍተው የማይችለውን የምርጫ ኮርስ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይማሩታል። በ2008 የተመሠረተውና ካርታ (CARTA) የሚባለው ኅብረትም በሕዝብ ጤና ዘርፍ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሥራቸውን ሳይለቁ፣ በዚሁ አህጉር ተመዝግበው ዶክትሬታቸውን እንዲሠሩ ያግዛል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሩፎረም የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች የግብርና ኅብረት ታሪክ ነው። ሮክፌለር ፋውንዴሽን በ1992 በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ የግብርና ድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን የሚደግፍ ፕሮግራም ጀመረ። በ2004 ፕሮግራሙ ከፋውንዴሽኑ እጅ ወጥቶ ራሳቸው ዩኒቨርሲቲዎቹ ወደሚመሩት ድርጅት ተለወጠ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱንም ካምፓላ፣ ማካሬሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አደረገ። በአምስት አገሮች በነበሩ አሥር ዩኒቨርሲቲዎች ተጀምሮ ዛሬ ከመቶ የሚበልጡ አባላት አሉት። ለጋሹ ሲወጣ ሥራው አልሞተም፤ ባለቤቱን አገኘ እንጂ።

(ምስል፦ ጎንደር፣ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል መግቢያ)

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። ተቋሙ በ1947 ዓ.ም. የጤና አጠባበቅ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲከፈት፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የደምቢያን ሜዳ የወባ ወረርሽኝ መትቶት ነበር፤ ኮሌጁም በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ ነው የቆመው። ከስድሳ ዓመታት በኋላ፣ በ2017፣ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር የአሥር ዓመት አጋርነት ጀመረ። ፋውንዴሽኑ በ2006 የክፍያ ካርድ ኩባንያው ማስተርካርድ አክሲዮኑን ለገበያ ባቀረበበት ወቅት የተመሠረተና ቶሮንቶ የሚገኝ፣ ከኩባንያው ተለይቶ የሚተዳደር ተቋም ነው። ለጎንደሩ ሥራ 24.2 ሚሊዮን ዶላር መድቧል።

የገንዘቡ አደላደል ትምህርት አለው። አንደኛው ክፍል ለ450 ወጣቶች፣ በተለይም ለአካል ጉዳተኞች፣ ነፃ የትምህርት ዕድል ይሰጣል። ሁለተኛው ክፍል 60 የሚሆኑ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራን በኩዊንስ የማስተርስና የዶክትሬት ትምህርት እንዲከታተሉ ያደርጋል። ሦስተኛው ክፍል በኢትዮጵያ ያልነበረውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት በጎንደር ይከፍታል።

ኦኩፔሽናል ቴራፒ ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንየው። በስትሮክ ምክንያት ቀኝ እጇ የማይታዘዛት እናት ሆስፒታል ገብታ ሕይወቷ ተረፈ እንበል። ፊዚዮቴራፒስቱ ጡንቻዋን ያጠናክርላታል። ቤቷ ስትመለስ ግን ጀበናውን ከከሰል ላይ በአንድ እጅ እንዴት ታነሣለች? ነጠላዋን እንዴት ትለብሳለች? በእንጀራ ጠቅልሎ መጉረስስ በግራ እጅ እንዴት ይለመዳል? ይህን ከታካሚዋ ጋር ቁጭ ብሎ፣ ቤቷንና ዕቃዋን አይቶ፣ ደረጃ በደረጃ የሚያስተምረው ባለሙያ ነው ኦኩፔሽናል ቴራፒስት የሚባለው። የካናዳ መምህር የስትሮክን ጠባይ ያውቃል፤ ጀበናውን ግን አያውቀውም። ሙያው ጎንደር ላይ፣ በጎንደር መምህራን መሰጠት ያለበትም ስለዚህ ነው።

አዲስ ሙያ መክፈት ግን መምህርና ተማሪ በማግኘት ብቻ አይጠናቀቅም። ተመራቂው ሲወጣ በሆስፒታሉ መዋቅር ውስጥ የሥራ መደብ ሊኖረው፣ መደቡ የደመወዝ ደረጃ ሊወጣለት፣ የሙያ ፈቃዱን የሚሰጥ አካል ሊታወቅለት ይገባል። እነዚህን ሊያደርግ የሚችል ፋውንዴሽን የለም። የአሥር ዓመቱ ውል 2027 ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የመምህራኑ ደመወዝ፣ የልምምድ ክፍሉ ዕቃ፣ የአካል ጉዳተኛው ተማሪ መጻፊያና ማንበቢያ መሣሪያ ከዩኒቨርሲቲው መደበኛ በጀት ውስጥ የራሳቸውን መስመር ማግኘት አለባቸው፤ በጀቱ ደግሞ ውሉ ከመጠናቀቁ በፊት ባሉት ዓመታት ነው የሚጠየቀው።