የአያቴ እናት ማን ትባላለች?

እሺ... እየቀዳ ነው። እንደምን ሰነበታችሁ፣ የኮሚቴ አባላት፣ አድማጮቼ ማለቴ ነው። ባሌ፣ አቶ አይመለከተኝም፣ ዛሬ ቤት የለም፣ ስለዚህ የሳህን ድምፅ አትሰሙም። ጎረቤቴ ግን ግድግዳ እየበሳ ነው፣ እሱን ቻሉት።

ሹራቧ የምላት ጓደኛዬ «አሮጊትነቴን ላስመርቅ ነው፣ ነይ» አለችኝ ብዬ ባለፈው ስቀን አልነበር? ሄድኩላችሁ። ሄድኩና ሳቁ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሳህን ሳጥብም አውቶቡስ ስጠብቅም አንዲት ደቂቃ እየተመላለሰችብኝ ነው።

ፓጋን መሆኗን ታውቃላችሁ፤ ከክርስትና በፊት የነበሩትን አማልክትና ተፈጥሮን ከሚያከብሩት ናት። እኔ መጀመሪያ እሷና ሦስት ጓደኞቿ ብቻ ይመስሉኝ ነበር። ለካ በ2021 በእንግሊዝና በዌልስ ሕዝብ ሲቆጠር 74 ሺህ ያህል ሰው ሃይማኖቴ ፓጋን ነው ብሎ ሞልቷል። ዊካ፣ ማለትም የፓጋኖቹ አንዱ ዘርፍ፣ ነኝ ያለው 13 ሺህ ደግሞ ለብቻው ነው። ለሁሉም ነገር ሥርዓት አላቸው። ልጅ ሲወለድ ስም አውጥተው ለአማልክቶቻቸው ያሳዩታል። ሲጋቡ እጅ ለእጅ በገመድ ይታሰሩና መጥረጊያ ይዘላሉ። እንግሊዝ ውስጥ ሕጉ ያንን እንደ ጋብቻ ስለማይቆጥረው ማዘጋጃ ቤት ሄደው እንደገና ይፈርማሉ፤ ስኮትላንድ ግን የሚያጋባው ሰው ፈቃድ ካለው እዚያው ያልቃል። አንዳንዶቹ ደግሞ የሚታሰሩት ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከተስማማቸው ያድሳሉ። አቶ አይመለከተኝምን እንደዚያ አድርገው ቢያስሩልኝ ኖሮ... ተዉት፣ ይሰማኛል።

የሄድነው ኤቭበሪ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ትልልቅ ድንጋዮች በክብ የቆሙበት ጥንታዊ ቦታ። ድንጋዮቹ ከ4 ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ክቡ ከመስፋቱ የተነሳ መንደር ውስጡ ገብቷል፣ መጠጥ ቤት ሳይቀር አለ፣ በጎች በድንጋዮቹ መሃል ይግጣሉ። እኔ እንዲሁ እንደ ቆሙ የኖሩ ነበር የመሰለኝ። ለካ ብዙዎቹ ወድቀውና ተቀብረው ነበር፤ በ1930ዎቹ ነው አሌክሳንደር ኬይለር የሚባል ባለጸጋ አስቆፍሮ ያስነሳቸው። ሀብቱ የመጣው ከማርማላታ ነው። የብርቱካን ማርማላታ! ይኼን ስሰማ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቀለል አለኝ።

ሥርዓቱ ራሱማ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ይኼ አሮጊትነትን የማክበር ነገር በ1970ዎቹና በ80ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሴቶች ያስፋፉት ነው። ልጃገረድ፣ እናት፣ አሮጊት የሚለውን ክፍፍልም ሮበርት ግሬቭስ የሚባል ገጣሚ ነው በ1948 ባሳተመው መጽሐፍ ያስለመደው። ስለዚህ «የጥንት ነው» ሲሉኝ በሆዴ «እሺ» እላለሁ። ግን አዲስ ነው ብዬ ልንቀው አልቻልኩም፤ ምክንያቱም... ቆይ፣ ልንገራችሁ።

ሦስት በር ሠርተዋል፣ በጨርቅ፤ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ሹራቧ በነጩ ስታልፍ ስለ ልጅነቷ ተናገረች። በቀዩ ስታልፍ ስለ ልጆቿ፣ ሳይወለድ ስለቀረውም ጭምር። ጥቁሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ጮክ ብላ «አርጅቻለሁ» አለች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ! እኔ ደግሞ እጄ ኪሴ ውስጥ መስቀሌን እንደያዘ ነው፤ የንስሐ አባቴ ይኼን ከሰሙ እኔና እሳቸው ለብቻችን እንነጋገራለን፣ እናንተ አትግቡበት።

እና የአረግ አክሊል ከመድፋቷ በፊት ክብ ሠርተን ቆምን። የምትመራው ሴትዮ «የእናቶቻችሁን ስም እየጠራችሁ ተቀበሏት» አለች። እኔ እከሊት፣ የእከሊት ልጅ፣ እሷ የእከሊት ልጅ... እያሉ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ከአጠገቤ የነበረችው ስድስት እናት ቆጠረች። ስድስት! ሳትደናቀፍ።

ደረሰኝ። ስሜን አልኩ። እናቴን ጠራሁ። አያቴን ጠራሁ። ከዚያ... የለም። አፌ ተከፍቷል፣ የሚወጣ ነገር የለም። ምን መጣልኝ መሰላችሁ? የአባቴ ወገን! አባቴ፣ አባቱ፣ የአባቱ አባት፣ እስከ ሰባት ድረስ ተሰልፈው መጡ። ልጅ ሆነን አባቴ ከእራት በፊት ያስቆጥረን ነበር፤ የተሳሳተ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ያ ሁሉ ወንድ ምላሴ ጫፍ ላይ ቆሞ «እኔን በይኝ» ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ሴት ነው የምፈልገው። አንድ በግ ጮኸ። እውነቴን ነው፣ በዚያች ቅጽበት በግ ጮኸ፣ ማንም ግን አልሳቀም።

መሪዋ «ስማቸውን ምድር የምታውቃቸው እናቶችም» ብላ ወደ ቀጣይዋ አለፈች። መልካም አድርጋለች፤ አድናኛለች። ግን ደግሞ አናደደችኝ። ምድር ብታውቀው ለእኔ ምን ይረባኛል? እኛ ቤት ማን ያውቀዋል?

ምግብ ላይ ያቺን ስድስት የቆጠረችውን ከየት አመጣሽው አልኳት። ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ አለችኝ! እንግሊዝ አገር ከ1538 ጀምሮ አጥቢያዎች ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግቡ ታዘው ነበር። ፓጋኗ አያቶቿን ያገኘችው ከቄስ እጅ ጽሑፍ ነው። ይኼን ለመዋጥ ዳቦ ያስፈልገኝ ነበር። ሌላዋ ደግሞ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስትሰማ «ከብት የሚዘሉት አገር!» አለች። ሐመር ማለቷ ነው፤ ልጁ የተሰለፉትን ከብቶች በጀርባቸው ላይ ሮጦ ሲሻገር ለትዳር ይበቃል፣ ያንን ማለቷ ነው። ሁሉንም ከእኔ በላይ ታውቃለች። እኔ የሐመሮቹን ከተማ ቱርሚን በካርታ እንጂ በእግሬ አላውቃትም። ራሴን ነቀነቅኩ፣ እንደ ባለሙያ።

ማታውኑ ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ የአያቴ እናት ማን ትባላለች?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«እንዲሁ፣ ፈልጌ ነው።»

«እኛ እማማ ትልቋ ነበር የምንላት።»

«ስሟስ?»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሀሎ» ሁሉ ብያለሁ። ከዚያ «ስሟን የሚጠራ ማን ነበር፣ ልጄ?» አለችኝ። «ከእሷ የሚበልጥ ሰው አልነበረማ። የክርስትና ስሟን ለፍትሐት ቄሱ ጠርተውት ይሆናል፤ እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ።»

አያችሁ? አርጅታ አርጅታ ስሟን የሚጠራ ሰው አጣች። አክብረዋት ነው እኮ። በክብር ነው የጠፋው።

እና ሳላስበው ወደ ቆቡ ነገር ገባሁ። አዎ፣ እናቴ ቆብ ደፍታለች፣ አልነገርኳችሁም፤ ቀልድ የማደርገው ነገር አልሆነልኝም። ካለቀ በኋላ ነው የደወለችልኝ፣ ቡና ገዛሁ በምትልበት ድምፅ። ሰው ሲመነኩስ ከዓለም ሞተ ተብሎ የግንዘት ጸሎት ይደገምበታል። ለእሷ ምን ያህሉ እንደተደገመ አልጠየቅኋትም፣ አልጠይቃትምም። ብቻ እሷ እዚያ... እኔ እዚህ ሥራ ቦታ ሳንድዊች እየበላሁ ነበር። ሹራቧ አረጀሁ ብላ ለመጮህ ግማሽ አገር ጠራች፤ የእኔዋ ለአንድ ልጇ እንኳ ሳትናገር ሞተች። ማለቴ፣ ለዓለም። ሁለቱም በር ማለፍ ነው መሰለኝ። ወይም አይደለም፤ የእናቴ በኩል እግዚአብሔር አለ፣ የዚያኛው በኩል ማን እንዳለ እነሱም አይስማሙም፤ በአንድ ሚዛን ማስቀመጤ ራሱ ልክ ላይሆን ይችላል። «እማሆይ ልበልሽ?» ብያት ነበር። «እማዬ በይኝ፣ ሌላው ሰው ይበቃኛል» አለች። ደስ አለኝ። ከዚያ ደግሞ ደስ አላለኝም።

ለእኔ ሲደርስ የቱ ይሻለኛል? አላውቅም። በክብ መሃል ቆሜ አረጀሁ ማለት ያሳፍረኛል፤ ዝም ብሎ መጥፋቱን ደግሞ... አቶ አይመለከተኝምን ጠይቄው ነበር፣ መልሱን ታውቁታላችሁ።

የስሙ ነገር ግን አላበቃም። እናቴ ለካ ከዚያ በኋላ አላስችል ብሏት ለአክስቴ ደውላለች። አክስቴ አንድ ስም ሰጠች፣ እርግጠኛ ሆና። እናቴ «እሱ የእህቷ ስም ነው» አለች። አክስቴ «አንቺ ያኔ ምን ታውቂ ነበር» አለች። አሁን ሁለቱ ተኳርፈዋል፣ በእኔ ጥያቄ፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ አንዷ ባለ ቆብ ሆና። ሁለቱንም ስም ጽፌ ያዝኳቸው። ሳላረጋግጥ አንዱን መርጬ ብቆጥረውስ፣ ማን ያውቅብኛል? ደግሞ የአጎቴ ሚስት የምታውቀው ሌላ ስም አለ አሉ፣ እሷ ደግሞ ስልክ አታነሳም...