የአንድ ሌሊት ሦስት ሰዓቶች

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። የምሠራው በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ የመሥሪያ ቤታችን ሰርቨሮች በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ የስቶሬጃችን (መረጃ የምናከማችበት ባለ ብዙ ዲስክ መሣሪያ) መልእክቶች በሰርቨር ላይ እንዲመዘገቡ ስላደረግንበት ሥራ ነው።

መነሻው አንድ የተበላሸ ዲስክ ነበር። ዲስኮቹ በሬይድ 5፣ ማለትም የአንዱ ዲስክ መረጃ ከሌሎቹ ተሰልቶ እንዲገኝ በሚያደርግ ዘዴ፣ የተደራጁ በመሆናቸው አንዱ ሲሞት መረጃው አልጠፋም፤ መጠገኛ ሳናገኝ ሌላው ቢከተለው ግን ሁሉም ያበቃለት ነበር። ስቶሬጁ ብልሽቱን በራሱ ሎግ (የክስተት መዝገብ) ላይ ወዲያው መዝግቦት ሳለ የሚያነበው ሰው ስላልነበረ፣ እኔ ያወቅሁት ከአራት ቀን በኋላ በዲስኩ ላይ የበራችውን ብርቱካናማ መብራት በአጋጣሚ አይቼ ነው። የዚያን ዕለት ድንጋጤዬ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ማዋቀሩ ረጅም ሥራ አይደለም። በስቶሬጁ ላይ የሰርቨሩን አይፒ (የኔትወርክ) አድራሻና ፖርት 514ን፣ ማለትም የመቀበያ በሩን ቁጥር፣ አስገባን፤ በሰርቨሩ ላይ ደግሞ አርሲስሎግ የተባለው መልእክት መዝጋቢ ፕሮግራም በዚያው ፖርት፣ ዩዲፒ በተባለው የመላኪያ ዘዴ እንዲቀበል አደረግን። የሙከራ መልእክት ስንልክ ስቶሬጁ «ተልኳል» አለ፤ ፋይሉ ግን ባዶ ነበር። ዩዲፒ መልእክቱ ስለመድረሱ ለላኪው ማረጋገጫ አይመልስም። በኔትወርኩ የሚያልፈውን በሚያሳየው በቲሲፒዳምፕ ስንመለከት መልእክቱ ሰርቨሩ ደጃፍ ደርሶ ፋየርዎሉ አግዶታል።

ከሁሉ ያደከመኝ ግን ሰዓቱ ነው። የብልሽቱን መንስኤ ስፈልግ የስቶሬጁ ሎግ 23:04 ይላል፤ ሰርቨሩ ከዲስኮቹ መልስ ማጣቱን የመዘገበው በማግስቱ ቀን 02:04 ላይ ነው፤ በጥበቃችን በጋሼ ደብተር ላይ ደግሞ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ» የሚል በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። ስቶሬጁ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት)፣ ሰርቨሩ 3 ሰዓት በሚቀድመው በአዲስ አበባ ሰዓት፣ ጋሼ በእኛ አቆጣጠር የጻፉት አንዱን ቅጽበት መሆኑን የተረዳሁት ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳሰላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አርኤፍሲ 3164 በተባለው የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ የተገለጸው የቀድሞው የሲስሎግ፣ ማለትም መሣሪያዎች መልእክት የሚልኩበት ሥርዓት፣ አጻጻፍ ዓመቱንም የሰዓት ቀጠናውንም አይዝም፤ በ2009 የወጣው አርኤፍሲ 5424 ግን ሁለቱንም ይይዛል።

ስለዚህ አጻጻፉን ወደ አዲሱ፣ መላኪያውን ማረጋገጫ ወደሚመልሰው ወደ ቲሲፒ ለወጥን፤ ሁለቱም መሣሪያዎች ሰዓታቸውን ከአንድ የኤንቲፒ (ሰዓት አስተካካይ) ሰርቨር እንዲወስዱ አደረግን። ከ0 እስከ 7 ካሉት የክብደት ደረጃዎች ከ4 ጀምሮ ወደ 0 ያሉት፣ ማለትም ማስጠንቀቂያና ከዚያ የከፉት፣ በእጅ ስልካችን ይደርሱናል። ጋሼንም ያን ደብተር እንዳይተዉት ለምኛቸዋለሁ።