አማርኛን ከክፍል አታባርሩት፦ በደብረ ብርሃን ለእንግሊዝኛ መምህራን የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከመንዝ፣ ከጣርማበርና ከአንኮበር በዚህ ብርድ ማልዳችሁ የመጣችሁ የእንግሊዝኛ መምህራን፤

ስለ ማስተማር ዘዴ እንድናገር ተጋብዤ ሳለ በሰዓት ወሬ በመጀመሬ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ። መሐል ሜዳ ከተማ 7ኛ ክፍል ሳለን፣ ከባሕር ማዶ የመጣ መምህራችን አንዱን ጓደኛችንን ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚነሣ በእንግሊዝኛ ጠየቀው። ልጁ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ፣ በጎቹን ከጉረኖ አውጥቶ፣ ውርጩን እየረገጠ ትምህርት ቤት የሚደርስ ነበርና ሳያመነታ «አት ትዌልቭ ኦክሎክ» አለ። መምህሩ እኩለ ቀን መስሎት ከት ብሎ ሳቀ፤ እኛም ምክንያቱ ሳይገባን አብረን ሳቅን። ያ ልጅ ከዚያ ወዲያ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እጁን ሲያወጣ አላየሁም። ሰዋስዉም ቃላቱም ትክክል ነበሩ። የእኛ ሰዓት ከንጋት፣ የእነርሱ ከእኩለ ሌሊት እንደሚቆጠርና ልዩነቱ 6 ሰዓት እንደሆነ በአማርኛ የሚነግረው ሰው ብቻ ጠፋ።

መምህር ስሆን በካርቶን ላይ ሁለት ሰዓት ሣልኩ፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር። ይህንኑ በአማርኛ ሳስረዳ የደረሰ አንድ ሱፐርቫይዘር «አማርኛ አበዛህ» ብሎ ነጥብ ቀነሰብኝ። አማርኛ ያወራ ተማሪ አንገት ላይ ሰሌዳ የሚያንጠለጥሉ፣ ሳንቲም የሚያስከፍሉም እንዳሉ ታውቃላችሁ። በእናቱ ቋንቋ ስለ ጠየቀ የተቀጣ ልጅ ነገ በምን አፉ ይጠይቃችሁ? የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛን የ2ኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል፤ 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ የሚጠብቀውን ልጅ ዝምታ አስተምረን ነው የምንልከው!

የቀረውን በአጭሩ ልበል። በቋንቋችን ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ዐረፍተ ነገር ከላይና ከታች ጽፋችሁ ግሱን አስምሩበት። በአማርኛ የሌለውን የ«ቲንክ» (think) መነሻ ድምፅ ስታስተምሩ ምላሳችሁ በጥርሳችሁ መካከል ሲወጣ ይዩት። ክፍሉ ከተጨናነቀ ተማሪው ዴስክ ከሚጋራው ጋር ይነጋገር፤ ጫጫታውን ታገሡት።

ያ ካርቶን ዛሬም ቤቴ አለ፤ ቀለሙ ቢደበዝዝም ቆጣሪዎቹ ይዞራሉ። መገልበጥ የሚፈልግ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ያግኘኝ።

አመሰግናለሁ።