ከቀዩ ቡና እስከ አይድሮፐር

የዲዛይን ጓዶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ስለ አጋዥ ቴክኖሎጂ ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። እናገራለሁ፤ መጀመሪያ ግን ቡና።

ልጅ ሆኜ እማዬ ቡና ልቀም ብላ ትልከኛለች። «ቀዩን ቀዩን ብቻ!» ቅርጫቴን ሞልቼ ስመጣ ግማሹ ጥሬ ነው። አውቆ ነው እየተባልኩ ስንቱን ኩርኩም ቀመስኩ። ቀይና አረንጓዴ እንደሚምታታብኝ እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። ኋላ ዘዴ መጣልኝ፤ ፍሬውን በጣቴ ጫን አደርጋለሁ። የበሰለው ይለሰልሳል፣ ጥሬው ድንጋይ ነው። ከዚያ ወዲያ ከወንድሞቼ እኩል ለቀምኩ። (ለነገሩ ቀይና አረንጓዴን የሚያምታታው ጂን ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፣ ወንድ ልጅ ደግሞ ኤክሱን የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ኩርኩሙም ዓይኑም ከእማዬ!)

የሠርግ ካርዱን ጉድ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ሙሽሪት ጥቁር አረንጓዴ ብላኝ ቡናማ አሳትሜ ቁጭ፤ ኪሳራው ከኪሴ ወጣ። ዛሬ እንዲህ አይነት ስህተት አልሠራም፣ ዓይኔ ስለዳነ ግን አይደለም። ቀለሙን በአይድሮፐር፣ ማለትም በዲዛይን ፕሮግራሙ የቀለም መምረጫ መሣሪያ፣ ነካ አደርግና የኅትመት ቀለሞቹን መጠን በቁጥር አነባለሁ። ሲያን (ሰማያዊ መሳዩ) እና ቢጫው ከፍ ብሎ ማጀንታው (ሐምራዊ ቀይ መሳዩ) ዝቅ ካለ አረንጓዴ ነው፤ ማጀንታና ቢጫው በዝቶ ጥቁር ከገባበት ቡናማ። ያው የቡናው ጣቴ ነው።

አሁን ሆዴ ውስጥ ያለውን ልናገር። ፎቶሾፕ ላይ ቪው፣ ከዚያ ፕሩፍ ሴትአፕ ብትገቡ ፕሮታኖፒያና ዲውተራኖፒያ የሚሉ ምርጫዎች አሉ፤ ሁለቱም ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ዓይን ዓይነቶች ናቸው። እኛ ቀለም የሚምታታብን የምናየውን ለእናንተ ያሳያሉ። ጥሩ ነው፣ ተጠቀሙበት። ግን ለእኔ ምን ይሠራልኛል? እኔ እኮ እንደኔ ማየት አልቸገረኝም! ስለ እኛ በተነሳ ቁጥር የሚወራው ግን ይሄው ነው። ደግሞ መነጽር ግዛ ትሉኛላችሁ። መነጽሩ አንዳንድ ቀለሞችን አጉልቶ ይለይ ይሆናል እንጂ የእናንተን ዓይን አይሰጠኝም።

እኔ የምፈልገው ሳንቲም አያስወጣም። «ቀለሙን ትንሽ ሞቅ አድርገው» አትበሉኝ፣ የቀለሙን ኮድ ላኩልኝ። ፋይል ስታቀብሉኝ ለስዋቹ፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ ለተቀመጠው የቀለም ናሙና፣ ስም ስጡት። «ስዋች 1» ብሎ ነገር ምንድን ነው? ደግሞ በናታችሁ፣ ሸሚዛችሁን እየጎተታችሁ «ይሄስ ምን ቀለም ነው?» ማለቱን ተዉኝ! ማትሪክ ከተፈተንኩ ቆየሁ፣ ሌላ ፈተና አልቀመጥም።

ስልክ ላይም አንድሮይድ የቀለም ማስተካከያ፣ አይፎን የቀለም ማጣሪያ አላቸው፤ ሴቲንግ ገብታችሁ እዩት።

አዘጋጆቹ ሰዓት ሲያልቅ ቀይ ካርድ እናሳይሃለን ብለውኛል። አረንጓዴ መስሎኝ ነው ብዬ መቀጠል እችል ነበር፣ ግን ርቦኛል። አመሰግናለሁ።