ያየነውን ሳይሆን የሚደገመውን እንመዝን

የተከበራችሁ የቤዝቦል ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

በቀጥታ በጥያቄ ልጀምር። ሁለት መቺዎች አሉ። አንደኛው በአንድ የውድድር ዘመን የመምታት አማካዩ (ከይፋዊ ሙከራዎቹ መትቶ ቤዝ የደረሰባቸው ድርሻ) 0.314 ነው፤ የሊጉን የመቺነት ዘውድ ያስገኘለት ቁጥር ነው። የሁለተኛው 0.197 ነው። ከሁለቱ አንዱን ለቡድናችሁ ምረጡ ብትባሉ ማንን ትወስዳላችሁ?

የመጀመሪያው ሉዊስ አራኤዝ ነው፤ በ2024 የውድድር ዘመኑን በማያሚ ማርሊንስ ጀምሮ በሳን ዲዬጎ ፓድሬስ ጨረሰ። ሁለተኛው ካይል ሽዋርበር ነው፤ በ2023 በፊላደልፊያ ፊሊስ መለያ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።) አሁን ሌላ ቁጥር ልጨምርላችሁ። መቺ ቤዝ (ሜዳው ላይ ያለ ማረፊያ) የሚደርሰው ኳስ መትቶ ብቻ አይደለም፤ አራት መጥፎ ኳስ ታግሶ ሲያሳልፍም በዎክ ይሄዳል። ሽዋርበር በዚያ ዓመት 126 ጊዜ በዎክ ሄዷል። ይህ ሲታሰብ አራኤዝ ቤዝ የደረሰበት መጠን 0.346፣ የሽዋርበር ደግሞ 0.343 ነው። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ አራኤዝ 4 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር የሚያሻግር ምት) ሲመታ ሽዋርበር 47 መትቷል።

ይህን ያነሳሁት አራኤዝን ለማሳነስ አይደለም። በሦስት ተከታታይ ዓመታት፣ በሦስት የተለያዩ ቡድኖች መለያ የመቺነት ዘውድ የደፋ ሰው ነው፤ በስትራይክ አውት (ሦስት ስትራይክ አስቆጥሮ) እሱን ማስወጣት የወርዋሪዎች ሁሉ ፈተና ነው። ነገር ግን እኛ ደጋፊዎች ተጫዋች ስንመዝን ዐይናችን መጀመሪያ የሚያርፍበት ቁጥር ብዙውን ጊዜ ጥያቄያችንን አይመልስም። ተጫዋቹ ያደረገው ተጽፎ አልቋል። እኛ ማወቅ የምንፈልገው ነገ ይደግመዋል ወይ የሚለውን ነው። ዛሬ ማታ የምናገረው ሁሉ የሚሽከረከረው በዚችው ጥያቄ ዙሪያ ነው።

በወርዋሪዎች ላይ ያለን አመለካከት እንዴት እንደተለወጠ አስታውሱ። ለረጅም ዘመን ወርዋሪ የሚመዘነው ባሸነፋቸው ጨዋታዎች ብዛት ነበር። የሲያትል ማሪነርሱ ፌሊክስ ሄርናንዴዝ በ2010 13 አሸንፎ 12 ተሸንፎ የሳይ ያንግ ሽልማትን፣ የዓመቱን ምርጥ ወርዋሪ ሽልማት፣ ሲወስድ ክርክሩ ጦፎ ነበር። የኒው ዮርክ ሜትሱ ጄከብ ዲግሮም በ2018 10 አሸንፎ 9 ተሸንፎ ያንኑ ሽልማት ሲያገኝ ግን በየዘጠኙ ኢኒንግ (የአንድ ሙሉ ጨዋታ ርዝመት) የተቆጠረበት ነጥብ በአማካይ 1.70 ብቻ እንደሆነ የማያውቅ ደጋፊ አልነበረም ማለት ይቻላል። ወርዋሪ የራሱ ቡድን ስንት እንደሚያስቆጥርለት አይወስንም። ሌላ ሰው የሚወስንለትን ውጤት የእሱ ችሎታ አድርገን ስንቆጥር ኖረናል።

ይህንን ዐይን የሰጡን ደግሞ እንደ እኛው ደጋፊዎች የነበሩ ሰዎች መሆናቸው ያኮራኛል። ቢል ጄምስ በካንሳስ የታሸገ ባቄላ በሚያመርት ፋብሪካ የሌሊት ጥበቃ ሆኖ እየሠራ ነው የጨዋታ ውጤቶችን አንድ በአንድ እየመረመረ በ1977 የመጀመሪያዋን ቡክሌት በራሱ ወጪ ያሳተመው። ከዓመታት በኋላ ቦስተን ሬድ ሶክስ አማካሪው አድርጎ ቀጠረው፤ ክለቡ በ2004 ለ86 ዓመት የራቀውን ዋንጫ ሲያነሳ እሱም አማካሪው ነበር። በ2001 ደግሞ ቮሮስ መክራከን፣ በየትኛውም ክለብ ወንበር ያልነበረው ሰው፣ ሜዳ ውስጥ የተመታ ኳስ መሬት አግኝቶ ይረፍ ወይስ ተከላካይ ጓንት ውስጥ ይግባ በሚለው ላይ የወርዋሪው ድርሻ ከሚታሰበው በእጅጉ ያነሰ መሆኑን አሳየ። የመምታት አማካይ በአንድ ዓመት ሽቅብ፣ በሚቀጥለው ቁልቁል የሚዋዥቀው በከፊል ለዚህ ነው። እናም ወርዋሪያችሁ በአንድ ወር ሲከብድበት ከመራገማችሁ በፊት ስንት ሰው በስትራይክ አውት አስወጣ፣ ስንቱን በዎክ ለቀቀ ብላችሁ እዩ። እነዚህ ሁለቱ በብዛት የራሱ ናቸው።

እንግዲህ ቁጥሩን በዚህ ልለፈውና ወደ ሰው ዐይን ልምጣ። የክለብ መልማዮች ወጣት ሲያዩ ከ20 እስከ 80 በሚሄድ ሚዛን አምስት ነገር ይመዝናሉ፦ መምታት፣ የዱላ ጉልበት፣ ሩጫ፣ መከላከል እና የክንድ ጥንካሬ። በዚህ ሚዛን 50 ማለት የሜጀር ሊግ፣ የከፍተኛው ሊግ፣ አማካይ ተጫዋች ነው። ብዙ ደጋፊ 50 ሲያይ እንደ ትምህርት ቤት ማርክ ቆጥሮት ፊቱን ያጠቁራል። ወገኖቼ፣ 50 በዓለም ላይ ካሉ እጅግ ጥቂት ሰዎች አንዱ መሆን ነው፤ አንድ ቡድን ተስፈኛው 50 ሆኖ ከወጣለት በደስታ ይቀበለዋል። 60 የተባለ ወጣትም 60 ይሆናል ተብሎ ቃል አልተገባለትም። ያ ቁጥር 80 ሊሆን የሚችልበትንም፣ ከሜጀር ሊግ በታች ባለው ማይነር ሊግ ውስጥ ቀርቶ የሚረሳበትንም መንገድ ሁሉ ደምሮ የተቀመጠ ግምት ነው።

መልማይም ይሳሳታል፤ ሆሴ አልቱቬን ያየ ያውቀዋል። ቁመቱ 168 ሴንቲ ሜትር ነው። ቬኔዙዌላ ውስጥ በሂዩስተን አስትሮስ ሙከራ ላይ አጭር ነህ ተብሎ ተመለሰ፤ በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ በ15 ሺህ ዶላር ፈረመ። በ2017 ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች የአንዱ፣ የአሜሪካን ሊግ፣ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ያን ጊዜ የሚዛኑን አራት ዓምዶች የሚያይ ሰው አምስተኛውን፣ ኳስን ከዱላው ጋር የማገናኘት ጸጋውን፣ በቁመቱ ተጋርዶ አላየውም።

አሁን ልቤ ወዳለበት ጉዳይ ልግባ፤ እሱም ድክመት ነው። የደጋፊ ፍርድ በብዛት የሚዛባው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ ድክመት ያላቸው ሁለት ሰዎች ሁለት ፍጹም የተለያየ ቦታ ሊደርሱ ይችላሉ።

አሮን ጀጅ በ2016 መጨረሻ ለኒው ዮርክ ያንኪስ ብቅ ሲል በ84 ይፋዊ ሙከራ 42 ጊዜ በስትራይክ አውት ወጣ። ልክ ግማሹን! አማካዩ 0.179 ነበር። 24 ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ነው፤ ወርዋሪዎች የሚያነጣጥሩበት ሰውነት ሰፊ ነው። በዚያ ወር «ይሄ ልጅ አይሆንም» ያለ ሰው ማስረጃ አላጣም። የውድድሩን ዕረፍት አመታቱን ሲያስተካክል ከርሞ በ2017 52 ሆም ራን መታ፤ ስትራይክ አውቱ ግን ያኔም 208 ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ በ2022 62 ሆም ራን፣ የሊጉ ምርጥነት በ2022፣ በ2024 እና በ2025። ለእኔ ከሆም ራኑ ይልቅ የሚገርመኝ ሌላ ነው። በ2017 ከመምታት ተራዎቹ ከ30 በመቶ በላይ የነበረው ስትራይክ አውት በ2025 ወደ 24 በመቶ ገደማ ወረደ፤ በዚያው ዓመት በ0.331 የአሜሪካን ሊግን የመቺነት ዘውድ ደፋ። ድክመቱ ከነጭራሹ አልጠፋም፤ ተገራ።

በዚያው ዘመን ጆይ ጋሎ ነበር። በ2017 41፣ በ2018 40 ሆም ራን መትቷል። ጉልበቱ የማይካድ ነው፤ ለዎክ ያለው ትዕግሥትም እንዲሁ፤ መከላከሉም መልካም ነበር። ነገር ግን ዱላው ኳሱን መሳቱ በየዓመቱ አልቀነሰም፤ የሜጀር ሊግ ቆይታው አማካይ 0.194 ሆኖ ቀረ። በ2017 ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ሁለቱም ብዙ ይስታሉ፣ ሁለቱም ይሰባብራሉ» ብሎ ያለፈ ደጋፊ ዋናውን ነገር አላየም።

ልዩነቱ የት ነው? እኔ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። መጥፎ ኳስ እያሳደደ የሚወጣ ወጣት ብዙ ጊዜ ይሻሻላል፤ ችግሩ የመለየት ችግር ነውና ልምድ ያስተምረዋል። መሀል የመጣለትን፣ ሊመታው የሚገባውን ኳስ የሚስት ግን አሳሳቢ ነው፤ እዚያ ላይ ትዕግሥት አይረዳውም። ስለዚህ ስትራይክ አውቱን ስትቆጥሩ በየትኛው ኳስ ላይ እንደወጣ እዩ። ከ2015 ጀምሮ በሁሉም የሜጀር ሊግ ሜዳዎች የተተከለው ስታትካስት የተባለ የኳስ መከታተያ ሥርዓት ይህንን ለማንኛውም ሰው በነጻ ያሳየዋል፤ ኳሱ ከዱላ የወጣበትን ፍጥነትና ማዕዘን ሳይቀር። አያቶቻችን ደጋፊዎች በዐይን ብቻ ሲገምቱት የኖሩትን እኛ በስልካችን ይዘነው እየዞርን አለማየት ያሳዝናል።

ይህንን መመዘኛ ዛሬ ለሚያከራክረን ልጅ እንጠቀምበት፤ የዋሽንግተን ናሽናልስ ጄምስ ዉድ። በጁን 29፣ 2025 ከሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ ጋር በነበረው ጨዋታ ተጋጣሚዎቹ ሊወረውሩለት ፈርተው አራት ጊዜ ሆን ብለው በዎክ አሳለፉት። በ2004 በታላቁ መቺ በባሪ ቦንድስ ላይ ከተደረገ ወዲህ ይህ በማንም ላይ አልተደረገም። ልጁ ያኔ 22 ዓመቱ ነበር። በዚያው የውድድር ዘመን 31 ሆም ራን መታ፤ አብዛኛውን በዘመኑ አጋማሽ ከሚደረገው የኮከቦች ጨዋታ በፊት። በዚያው የውድድር ዘመን ደግሞ 221 ጊዜ በስትራይክ አውት ወጣ፤ የሊጉ የምንጊዜም ከፍተኛ ቁጥር 223 ነው። ጥንካሬውም ድክመቱም በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ፊት ለፊት የተቀመጠበት ወጣት ብዙ አይገኝም። የመጀመሪያውን አጋማሽ ብቻ ያየ ሐውልት ሊያቆምለት ይፈልጋል፤ ሁለተኛውን ብቻ ያየ ይሽጡት ይላል። ሁለቱም ግማሽ ሰው ነው ያዩት።

ዉድን ካነሳሁ ወደ ዋሽንግተን የመጣበትን መንገድ ሳልናገር አላልፍም፤ ስለ ነገ ዋጋ ለመማር ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም። የናሽናልሱ መቺ ሁዋን ሶቶ በ2022 23 ዓመቱ ነበር። ከዓመት በፊት 145 ጊዜ በዎክ ሲሄድ በስትራይክ አውት የወጣው 93 ጊዜ ብቻ ነው። ናሽናልስ ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር ቢያቀርብለት እምቢ አለ። አንድ ተጫዋች ነጻ ሆኖ የፈለገው ክለብ ለመፈረም ስድስት ዓመት የሜጀር ሊግ አገልግሎት መሙላት አለበት፤ ለሶቶ የቀረው ያንን የውድድር ዘመን ጨምሮ ሦስት አይሞላም። ክለቡ በኦገስት 2 ለሳን ዲዬጎ ሰጥቶ ሲጄ ኤብራምስን፣ መኬንዚ ጎርን፣ ሮበርት ሃሰልን፣ ጃርሊን ሱሳናንና ዉድን ተቀበለ። ሉክ ቮይትም አብሮ መጣ።

የደጋፊው ሐዘን ትክክል ነበር፤ እንደ ሶቶ ያለ ዐይን በትውልድ አንዴ ነው የሚመጣው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ያዘኑትን አልወቅሳቸውም፤ ሱሳና ገና 18፣ ዉድ 19 ዓመቱ ነበርና። ሃሰል በ2020 ድራፍት (ክለቦች በተራ ወጣቶችን የሚመርጡበት) 8ኛ የተመረጠ ነው፤ ዉድ በ2021 62ኛ። ከሁለቱ አስቀድሞ ኮከብ የሆነው 62ኛው ነው። ኤብራምስ በ2024፣ ጎርና ዉድ በ2025 ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጡ። ሶቶም በበኩሉ በ2024 መጨረሻ ከሜትስ ጋር ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ልጁ እምቢ ማለቱ ልክ ነበር፤ ክለቡም ሊያቆየው ካልቻለ ያገኘው ቀላል አይደለም። አንድን ልውውጥ በተደረገበት ማታ አሸናፊና ተሸናፊ ብሎ መዝጋት የማይቻለው ለዚህ ነው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ።

በዚያው ክለብ የሌላው ወገን ምሳሌም አለ። ስቲቨን ስትራስበርግ በ2019 የወርልድ ሲሪስ (የሜጀር ሊግ የዋንጫ ፍጻሜ) ምርጥ ተጫዋች ሆኖ የ7 ዓመት የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከዚያ በኋላ የወረወረው 8 ጨዋታ ብቻ ነው። ጉዳት አካሉን በላው። ያን ውል ሲፈርም 31 ዓመቱ ነበር፤ ክንዱም ቀደም ብሎ በቀዶ ሕክምና ያለፈ ነው። የነገ ዋጋ ስንል ዕድሜና ጤና ከችሎታ እኩል ሊመዘኑ ይገባል፤ በወርዋሪ ላይ ደግሞ እጥፍ። ስትራስበርግን በስሙ የሚያላግጡ ሰዎች ግን ልቤን ያቆስሉታል። ዋንጫውን ያመጣው ያው ክንድ ነው።

ይህ ወደ አንድ ልመና ያመጣኛል። ስለምንመዝናቸው ሰዎች ስንናገር እንጠንቀቅ። ብዙዎቹ የካሪቢያንና የላቲን አሜሪካ ልጆች የሚፈርሙት በ16 ዓመታቸው ነው። 45 ወይም 55 የምንለው የሰውየውን ችሎታ እንጂ ሰውየውን አይደለም። ድክመቱን በግልጽ መናገር ይገባል፤ እሱንም ይጠቅመዋል፤ ስድብ ግን ማንንም መቺ አላሻሻለም።

ሌላው ልመናዬ ግምታችንን እንጻፍ የሚል ነው፤ ከነምክንያቱ፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆንን ጭምር። ካልተጻፈ ሁላችንም «እኔ እኮ ብዬ ነበር» እንላለን፤ እንዲህ እያልንም አንማርም። እኔ ልጀምር፤ መዝግቡልኝ። ጄምስ ዉድ በ2025 32 በመቶ ገደማ የነበረውን ስትራይክ አውቱን በሁለት የውድድር ዘመን ውስጥ ከ28 በመቶ በታች ያወርደዋል እላለሁ። ምክንያቴ ዎክ የማግኘት ትዕግሥቱ ነው፤ ኳስ የሚለይ ዐይን አለው። እርግጠኝነቴ ከአሥር ስድስት ነው። የሚያሰጋኝ ኳሱን ወደ መሬት መምታት ማብዛቱና መሀል የመጣለትንም መሳቱ ነው፤ ይህኛው ካልቀነሰ ግምቴ ፉርሽ ነው።

አሁን የእናንተን ልስማ። ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ማይኩን ከፊት ረድፍ እንጀምርላችሁ።